«ከ8 ሰዓት በኋላ»፦ የወባ ክኒን አወሳሰድ መመሪያ ሲመረመር

ስለ አንድ መድኃኒት ሲነገር አስቀድሞ የሚነሣው በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ነው። ንጥረ ነገሩ በምን መልክ እንደተዘጋጀ፣ በየትኛው መንገድ ወደ ሰውነት እንደሚገባ፣ በስንት ሰዓት ልዩነትና ከምን ጋር እንደሚወሰድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለማሸጊያው ጽሑፍና ለመድኃኒት አዳዩ የሁለት ደቂቃ ማብራሪያ ይተዋል። ከሞጆ በመቂና በባቱ በኩል ወደ ሻሸመኔ፣ ከአዳማም በወለንጪቲ በኩል ወደ መተሐራ በሚዘረጋው የስምጥ ሸለቆ መስመር ለሚኖር የወባ ሕመምተኛ የሕክምናው ዕጣ ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው በእነዚህ ሁለት ደቂቃዎች ነው።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ድረስ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል፤ ከክልሎች ከፍተኛውን ድርሻ የያዘውም ኦሮሚያ ነበር። ስለ ወረርሽኙ በየመድረኩ ሲነገር ስለ ትንኙ፣ ስለ አጎበሩ፣ ስለ ኬሚካል ርጭቱና ስለ በጀቱ ብዙ ተብሏል። ስለ ክኒኑ አወሳሰድ የተባለው ጥቂት ነው።

እዚህ የሚመረመረው አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን፣ በተለመደው የንግድ ስሙ ኮአርተም፣ እና ከእርሱ ጋር የሚነገረው የአወሳሰድ መመሪያ ነው። መድኃኒቱ በኢትዮጵያ ለፋልሲፓረም ወባ የመጀመሪያ ተመራጭ ሆኖ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ2004፣ ማለትም ከ2003ቱ ከባድ ወረርሽኝ ማግስት ነበር። ከእርሱ በፊት ክሎሮኪን፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ፋንሲዳር በሚል ስም የሚታወቀው ሰልፋዶክሲን-ፒሪሜታሚን በተራ አገልግለው ተውሳኩ ተለማመዳቸው። በወቅቱ የተደረገው ለውጥ የንጥረ ነገር ለውጥ ብቻ ተደርጎ ታየ። ከእርሱ ጋር የመጣው የአወሳሰድ ለውጥ ግን ያን ያህል ትልቅ ነበር። ፋንሲዳር ለአዋቂ ሦስት ፍሬ ሲሆን በአንድ ጊዜ፣ ከተፈለገም በባለሙያው ፊት፣ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ተውጦ ያልቃል። ኮአርተም ለአዋቂ 24 ፍሬ ነው፤ አራት አራት ፍሬ እየሆነ በሦስት ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ ይወሰዳል። ከስድስቱ አንዱን ባለሙያው ሊያይ ይችላል፤ አምስቱን አያይም። በሌላ አነጋገር፣ መድኃኒቱ ሲለወጥ የሕክምናው ሸክም ከጤና ጣቢያው ወደ ሕመምተኛው ቤት ተዛውሯል፤ መመሪያው ግን ይህን ዝውውር በሚመጥን ጥንቃቄ አልተዘጋጀም።

ለመድኃኒቱ ቅርጽ ተገቢውን ምስጋና መንፈግ አይገባም። ሁለቱን ንጥረ ነገሮች በአንድ ፍሬ ማጣመሩ ሕመምተኛው አንዱን ወስዶ ሌላውን እንዳይተው ያደርጋል። በአራት የክብደት መደብ ተለይቶ፣ እያንዳንዱ ፍሬ በየኪሱ ታሽጎና ማንበብ ለማይችል ሰው በሥዕል ተደግፎ መቅረቡም በላስቲክ ከረጢት እየተቆጠረ ይታደል ከነበረው ክሎሮኪን ጋር ሲነጻጸር ትልቅ እርምጃ ነው። ጉድለቱ ያለው ሥዕሉ በቃል ሲተረጎም ነው።

የመጀመሪያው ጉድለት የሰዓት ነው። መጠኑ የሚወሰደው በጅማሬው፣ ከዚያ ስምንት ሰዓት ቆይቶ፣ ቀጥሎም በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጠዋትና ማታ ነው። ይህ በአማርኛ በቀጥታ ሲነገር «ሁለተኛውን ከ8 ሰዓት በኋላ ይውሰዱ» ይሆናል። ሰዓትን ከእኩለ ሌሊት ለሚቆጥር አገር ዓረፍተ ነገሩ እንከን የለውም። ቀኑን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ለሚቆጥር ሕዝብ ግን 8 ሰዓት የጊዜ ርዝመት ብቻ አይደለም፤ ከምሳ በኋላ የሚመጣ የታወቀ የቀኑ ክፍልም ነው። «ከ8 ሰዓት በኋላ» ያለው ሰው «ስምንት ሰዓት ያህል ቆይተህ» ማለቱ ይሁን «8 ሰዓት ካለፈ በኋላ» ማለቱ ከዓረፍተ ነገሩ አይለይም። ይህ የመማርና ያለመማር ጉዳይ አይደለም፤ ቋንቋው ራሱ ለሁለቱም ንባብ በር ከፍቷል።

ውጤቱን ማስላት አያስቸግርም። በአዳማ ጤና ጣቢያ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የመጀመሪያዎቹን አራት ፍሬዎች የዋጠ ሰው ሁለተኛውን መውሰድ ያለበት ምሽት 12 ሰዓት ላይ ነው። መመሪያውን በሁለተኛው መንገድ የተረዳ እንደሆነ ግን 8 ሰዓት እንዳለፈ፣ ከመጀመሪያው አራት ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ይውጠዋል። ከቀትር በኋላ 7 ሰዓት ላይ የጀመረ ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ቆይቶ ይደግማል፤ ለእርሱ ትክክለኛው ሰዓት ምሽት 3 ሰዓት ነበር። ከሁሉም የሚከፋው 9 ሰዓት ላይ የጀመረው ነው። የዕለቱ 8 ሰዓት ስላለፈበት እስከ ነገ ቀትር ማግስት ቢጠብቅ መመሪያውን እንዳከበረ ያምናል፤ ሃያ ሦስት ሰዓት ሙሉ መድኃኒት ሳይወስድ ይቆያል፤ በትክክል ቢነገረው ኖሮ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ይወስድ ነበር። አርቴሜተር በደም ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ መሆኑን ለሚያውቅ ባለሙያ ይህ ክፍተት ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም።

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች አንዱ መፍትሔ ወደ አፋን ኦሮሞ መተርጎም ይመስላል። መተርጎሙ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በአፋን ኦሮሞም ሰዓት የሚቆጠረው በዚሁ መንገድ ስለሆነ አሻሚው ሐረግ ከነአሻሚነቱ ይሻገራል። የሚያስፈልገው የርዝመት መግለጫውን ትቶ የሰዓቱን ስም መጥራት ነው፤ «ዛሬ ማታ 12 ሰዓት»፣ «ነገ ጠዋት 4 ሰዓት»፣ «ነገ ማታ 4 ሰዓት» ብሎ በማሸጊያው ላይ በእጅ መጻፍ። ማንበብ ለማይችል «ከብት ሲገባ» ወይም «የመግሪብ አዛን ሲሰማ» ማለት ከቁጥሩ ይበልጥ ይጠቅማል። የመድኃኒት አዳዩ ሥራ በዚህ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይረዝምም።

ሁለተኛው ጉድለት ከምግብ ጋር የተያያዘ ሲሆን ከመጀመሪያው ይልቅ ረቂቅ ነው። ሉሜፋንትሪን በውኃ የማይሟሟ፣ ቅባት ወዳድ ንጥረ ነገር ነው። በባዶ ሆድ ሲወሰድ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው እጅግ ትንሽ ሲሆን፣ በጤነኛ ፈቃደኞች ላይ በተደረገ ምርመራ ቅባት ከበዛበት ምግብ ጋር ሲወሰድ የመምጠጥ መጠኑ ወደ 16 እጥፍ ከፍ ብሏል፤ የአርቴሜተር ልዩነት ወደ ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት በባዶ ሆድ የዋጠ ሰው የሚያታልል መሻሻል ያገኛል። አርቴሜተር ተውሳኩን በፍጥነት ስለሚቀንስ ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ይበርዳል፤ የቀረውን ለቀናት በደም ቆይቶ መጥረግ የነበረበት ሉሜፋንትሪን ግን በቂ መጠን ላይ አልደረሰም። ከሳምንታት በኋላ ትኩሳቱ ሲመለስ «መድኃኒቱ አልሠራም» ይባላል። መድኃኒቱ ግን ከአንጀቱ አልፎ ወደ ደሙ አልገባም ነበር።

መመሪያዎች ይህን ያውቃሉ፤ «ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር ይወሰድ» ይላሉ። ምክሩ ሳይንሱን በትክክል ይገልጻል፤ የሚመከረውን ሰው ገበታ ግን አላየም። በአገራችን ዋናው የወባ መተላለፊያ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ጾመ ነቢያት ደግሞ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። ሁለተኛውና አነስተኛው ወቅት ሚያዝያና ግንቦት ሲሆን በብዙ ዓመታት የዓቢይ ጾም የመጨረሻ ሳምንታት ይደርሱበታል። በእነዚህ ላይ ረቡዕና ዓርብ አሉ። ረመዳንም በዓመታት ሂደት ወቅቶቹን ሁሉ እየዞረ ይነካቸዋል። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለሕመምተኛ ፈቃድ እንደሚሰጡ የታወቀ ነው፤ በፈቃዱ የማይጠቀሙ ብዙዎች መሆናቸውም እንዲሁ የታወቀ ነው። እንግዲህ በኅዳር መጨረሻ በወንጂ ወይም በመቂ «ከወተት ጋር» የተባለች ጾመኛ እናት ሁለት ምርጫ ይቀርላታል፤ ምክሩን መተው ወይም ክኒኑን ፍስክ እስኪመጣ ማቆየት። ለባለሙያው ደግሞ ይህን አትነግረውም፤ አንገቷን ነቅንቃ ትሄዳለች።

የሚያሳዝነው መፍትሔው ከጾም ገበታ ላይ መኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ሉሜፋንትሪን ከሚደርስበት ከፍተኛ የመምጠጥ መጠን 90 በመቶ ያህሉን ለማግኘት 36 ሚሊ ሊትር የአኩሪ አተር ወተት፣ ማለትም 1.2 ግራም ያህል ቅባት፣ እንደሚበቃ ገምቷል። መጠኑ ከአንድ የቡና ሲኒ በታች ነው፤ የአኩሪ አተር ወተትም የጾም ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይት ከአራት ግራም በላይ ቅባት አለው። በዘይት የተሠራ ሽሮ፣ የኑግ ወይም የሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ ለውዝ፣ በስምጥ ሸለቆ ገበያ የማይጠፋው አቮካዶ፣ ሁሉም ለዚህ ይሆናሉ። በሰሞነ ሕማማት ዘይት እንኳ የሚተዉ አሉና ለእነርሱ ከንስሐ አባታቸው ጋር እንዲነጋገሩ መንገር ያስፈልጋል። ለሌላው ግን «በጾም ከሆኑ ከዘይት ወጥ ጋር፣ ካልሆኑ ከወተት ጋር» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በቂ ነበር። «ቅባት ያለው ምግብ» የሚለው አገላለጽ ራሱ በከተማው ጆሮ ሥጋና ቅቤን እንጂ ሽሮን አያስታውስም።

በዚህ ረገድ ከሁሉ የሚያስወቅሰው የመጀመሪያው መጠን ነው። ሕመምተኛው ከማለዳ ጀምሮ ሳይበላ ተሰልፎ፣ ካርድ አውጥቶ፣ ደም ሰጥቶ፣ ውጤት ጠብቆ ነው መድኃኒቱን የሚያገኘው። ያን ጊዜ «እዚሁ ይዋጡት» ሲባል ክትትል ተደረገለት ይባላል። ባለሙያው ያየው ብቸኛው መጠን በባዶ ሆድ፣ በውኃ የተወሰደው ይሆናል ማለት ነው። አንዳንዱም ወዲያው ያስመልሰዋል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያስመለሰ ሰው ሙሉውን መጠን መድገም ቢኖርበትም ለመድገሚያ የሚሆን ትርፍ ፍሬ በማሸጊያው ውስጥ የለም። ሕመምተኛው ቤት ሄዶ ካስመለሰው ደግሞ ከነገው ቀንሶ ይደግማል፤ በሦስተኛው ቀን አራት ፍሬ ይጎድልበታል።

ስለ ሕፃናት የሚባለው አጭር ነው፤ ምክንያቱም በዚህ በኩል የመድኃኒት አዘጋጆቹ ሥራቸውን ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. እስከ 2009 ድረስ እናት መራራውን ክኒን በማንኪያ ጀርባ ደቁሳ በውኃ ታጠጣ ነበር፤ ምን ያህሉ ከማንኪያው ላይ እንደቀረ፣ ምን ያህሉ እንደተተፋ የሚያውቅ አልነበረም። በዚያ ዓመት በውኃ የሚበታተንና የቼሪ ጣዕም ያለው ክኒን ወጣ። ከአምስት ኪሎ ግራም በታች ለሆኑ ጨቅላዎች የተዘጋጀው ደግሞ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 በስዊዘርላንድ የመድኃኒት ባለሥልጣን ጸደቀ። ከዚያ በፊት እነዚህን ጨቅላዎች የሚያክም ሐኪም ለትልልቆቹ የተሠራውን በግምት ከመስጠት ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

በአዳማ፣ በቢሾፍቱና በባቱ አካባቢ የቫይቫክስ ወባ ድርሻ ቀላል ስላልሆነ የፕሪማኪን ነገርም መነሣት አለበት። ቫይቫክስ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ የሚመለስ በመሆኑ ክሎሮኪን ብቻውን አያድነውም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመውና በቢሾፍቱና በባቱ የተካሄደው ጥናት ፕሪማኪን ሲጨመር የሕመሙ መመለስ በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ነገር ግን ፕሪማኪን 14 ቀን ይወሰዳል፤ ሕመምተኛው ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ጤነኛ ነው። ለአሥራ አንድ ቀን ያህል ጤነኛ ሰው በየዕለቱ በባዶ ሆድ ከዋጠው ሆዱን የሚያሳምም ክኒን እንዲውጥ ይጠየቃል፤ ለምን እንደሆነ ግን በአብዛኛው አይነገረውም። የአገዳ ቆራጭ ወይም የአበባ እርሻ ሠራተኛ የሆነ ሰው «በጉበትህ ውስጥ የተኛ አለ፤ የምትውጠው ለእርሱ ነው» ቢባል ይገባዋል። «እስኪያልቅ ውሰድ» የሚለው ትእዛዝ ግን ምክንያት ስለሌለው ትኩሳቱ ሲበርድ አብሮ ይረሳል።

ክኒኑ በአግባቡ ሳይወሰድ ቀርቶ ሕመሙ ሲመለስ ቀጥሎ የሚጠየቀው መርፌ ነው። መርፌ ከክኒን ይልቃል የሚለው እምነት በኅብረተሰቡ ውስጥ ሥር የሰደደ መሆኑ ብዙ ጊዜ ተነግሯል፤ ወቀሳውም ሁልጊዜ በሕመምተኛው ላይ ያርፋል። ይሁን እንጂ ክኒኑ በተደጋጋሚ «ያልሠራለት» ሰው መርፌ ቢመርጥ ካየው ተነሥቶ ማመዛዘኑ ነው። ክኒኑ ለምን እንዳልሠራለት የነገረው የለም።

መርፌው የራሱ ቦታ አለው። በጠና ለታመመ፣ ራሱን ለሳተ ወይም መዋጥ ለማይችል ሕመምተኛ የአፍ መንገድ ዝግ ነው። ለብዙ ዓመታት ይህን ክፍተት የሸፈነው ኩዊኒን ሲሆን፣ የመጀመሪያው መጠን በግሉኮስ ተበርዞ በአራት ሰዓት ውስጥ ቀስ እያለ በደም ሥር መንጠብጠብ ነበረበት፤ የደም ስኳር እንዳይወርድም አጠገቡ የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱ የታተመው በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች 5,425 ሕፃናትን ያካተተ ጥናት በአርቴሱኔት መርፌ የታከሙት ሞት 8.5 በመቶ፣ በኩዊኒን የታከሙት 10.9 በመቶ መሆኑን ካሳየ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት አርቴሱኔትን መረጠ። አሰጣጡም የቀለለ ነው፤ በደም ሥር በጥቂት ደቂቃ፣ ካልተቻለም በጡንቻ ይሰጣል። ከ20 ኪሎ ግራም በታች ለሆነ ሕፃን በኪሎ 3 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 2.4 ሚሊ ግራም ነው። ትንሹ ሕፃን በኪሎው የበለጠ መውሰዱ እንግዳ ስለሚመስል ልብ ሊባል ይገባል።

ከመርፌው ቀጥሎ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አርቴሱኔት በፍጥነት ሠርቶ በፍጥነት ከሰውነት የሚወጣ በመሆኑ፣ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ከተሰጠ በኋላ ሕመምተኛው መዋጥ ሲችል ሙሉ የሦስት ቀን የኮአርተም ሕክምና ይከተለዋል። መርፌ ተወግቶ የነቃና «ዳንኩ» ብሎ ከሆስፒታል የሚወጣ ሰው እጁ ላይ የሚሰጠው እንግዲህ ያው 24 ፍሬ ነው፤ ከያው ሰዓትና ከያው ምግብ ጋር። በጣም ውድ የሆነው የሕክምናው ክፍል በዚያው ደካማ ዓረፍተ ነገር ላይ ያርፋል።

በፊንጢጣ የሚሰጠው አርቴሱኔት ታሪክም ከዚህ አይለይም። ከስድስት ዓመት በታች ለሆነና መዋጥ ለማይችል ሕፃን ሆስፒታል እስኪደርስ ጊዜ መግዣ ሆኖ የተሠራ ነው። ከዋናው መንገድ ርቀው በሐይቆቹ ዙሪያ ላሉ ቀበሌዎች ከዚህ የሚመች ቅርጽ አይገኝም ነበር። ነገር ግን በሌሎች የአፍሪካ አገሮች በስፋት ሲሞከር ብዙ ሕፃናት ወደ ሆስፒታል ሳይደርሱ ወይም ደርሰው ሙሉ ሕክምናውን ሳያገኙ ቀሩ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥር 2022 መስፋፋቱ እንዲገታ አስታወቀ፤ በ2023 ደግሞ የሪፈራል ሥርዓቱ መሟላት እንዳለበት የሚያሳስብ የተሻሻለ መመሪያ አውጥቶ እገዳውን አነሣ። ቅርጹ ጥሩ ነበር፤ ቀጥሎ የሚመጣው አልተዘጋጀም።

እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት ከኢትዮጵያ በተሰበሰቡ የፋልሲፓረም ናሙናዎች ውስጥ ከአርቴሚሲኒን መቋቋም ጋር የሚያያዝ አር622አይ የተባለ የዘር ለውጥ እየተስፋፋ መሆኑን ዘግቧል። የአርቴሚሲኒኑ ወገን በደከመ ቁጥር ሸክሙ ወደ ሉሜፋንትሪን፣ ማለትም በባዶ ሆድ ሲወሰድ ወደ ደም ወደማይገባው አጋሩ ይሸጋገራል። ስለዚህ የሽሮውና የዘይቱ ጉዳይ የመድኃኒቱን ዕድሜም ይመለከታል።

ለመጀመር የውጭ እርዳታ አያስፈልግም። ጤና ጣቢያው ለመጀመሪያው መጠን አንድ ሲኒ የአኩሪ አተር ወተት ወይም አንድ ጥቅል ለውዝ ከክኒኑ ጋር ሊያቀርብ ይችላል፤ ይህ ካልተቻለም ሕመምተኛው በአቅራቢያው ካለ ምግብ ቤት ሽሮ በልቶ ተመልሶ በባለሙያው ፊት ይዋጥ። መድኃኒት አዳዩ ቀኑ የጾም መሆኑን ይጠይቅ። ሁለተኛው መጠን የሚወሰድበትን የሰዓት ስም ይጻፍ፤ ሕመምተኛው «ማታ 12 ሰዓት፣ ከሽሮ ጋር» ብሎ መልሶ እስኪነግረው ድረስም ማሸጊያውን ከእጁ አይልቀቅ።